"ራስሽን ካጂ" ማለት "ብር ላኪ" ማለት ነው ወይ?

ሰላም ልጄ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ሌሎችም ይጠቀሙበት ስላልሽ ስምሽን ትቼ ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጠው። 31 ዓመትሽ ነው፣ ኩዌት ሰው ቤት መሥራት ከጀመርሽ 9 ዓመት ሆነሽ፣ ከደሞዝሽ ለራስሽ የምታስቀሪው ለካርድና ለሳሙና የሚሆነውን ብቻ ነው፣ ሌላው በሙሉ ወደ ቤት ይሄዳል። በላክሽው ብር እናትሽ ቤት ሠሩ፣ ታናሽ እህትሽ ተመረቀች፣ ለወንድምሽ ሁለት ጊዜ ባጃጅ ተገዛለትና ሁለቱንም ሸጦ በላው። ዘንድሮ ኮንትራትሽ ሲያልቅ ጠቅልለሽ ልትገቢ አስበሽ ነበር፣ እናትሽ ግን ወንድምሽ በደላላ ሊወጣ ነውና ለእሱ የሚሆን ሁለት ዓመት ጨምሪ አሉሽ፣ እምቢ ልትዪ ስትሞክሪ ስልክ ላይ አለቀሱ። ወገብሽን ያምሻል። እዛ አብራሽ የምትጸልይ አንዲት እህት ደግሞ "ራስሽን ካጂ፣ መስቀልሽ ነው፣ ታዛዥ ሰው ለምን አይልም" ብላ የመነኩሴውን የዮሐንስ ሐፂርን የደረቅ እንጨት ታሪክ ነገረችሽ። እምቢ ብል ኃጢአት ይሆንብኛል ወይ፣ ራስን መካድ የሚባለው ይሄ ነው ወይ ብለሽ ነው የጠየቅሽኝ። ከታች ስለ ጾም የጻፍሽውም አለ፣ እሱንም እመጣበታለሁ።

መልሱን ቀድሜ ልንገርሽና እፎይ በዪ፣ ለደላላ የሚሆን ብር አልልክም፣ ኮንትራትም አልጨምርም ማለት ኃጢአት አይደለም። ምክንያቱን ግን ማወቅ አለብሽ፣ ካላወቅሽው ነገ ሌላ ሰው ሌላ ጥቅስ ይዞ ሲመጣ እንደገና ትናወጫለሽ፣ ደግሞም ምክንያቱ ውስጥ አንቺን ራስሽን የሚጠይቅ ነገር አለ።

"ካደ" የሚለውን ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን። ጴጥሮስ በዛች ሌሊት በሊቀ ካህናቱ ግቢ እሳት እየሞቀ ሲጠይቁት "ሰውየውን አላውቀውም" አለ፣ ክህደት የምንለው እሱን ነው። ጌታ "ራሱን ይካድ" ሲል የተነገረበት ግስና ጴጥሮስን "ሦስት ጊዜ ትክደኛለህ" ሲለው የተነገረበት ግስ አንድ ነው፣ በግሪኩም እንደዛው በአማርኛውም እንደዛው። ስለዚ ራስን መካድ ማለት ውስጥሽ ተቀምጦ "እኔ ልቅደም፣ እኔ ያልኩት ይሁን፣ እኔን ያመስግኑኝ" የሚለው ሰውዬ መጥቶ ሲያዝሽ አላውቅህም አንተ ጌታዬ አይደለህም ማለት ነው። ወገቤን አላውቀውም፣ እንቅልፌን አላውቀውም፣ ዕድሜዬን አላውቀውም ማለት አይደለም እኮ! እነሱ ከእግዚአብሔር የተቀበልሻቸው አደራ ናቸው፣ አደራ ደግሞ አይካድም።

ጥቅሱን ብዙ ሰው ግማሹን ነው የሚያነበው። ማቴዎስ 16 ቁጥር 24 ላይ ያለው "እኔን መከተል የሚወድ ቢኖር" ብሎ ይጀምርና "ይከተለኝ" ብሎ ይጨርሳል፣ መካዱም መሸከሙም መሀል ላይ ነው ያሉት፣ መነሻውም መድረሻውም እሱን መከተል ነው። እሱን ወደ መከተል የማይወስድ መካድ ባዶ ነው፣ እሱን ወደ መከተል የማይወስድ ሸክምም ሸክም ብቻ ነው። አሁን ደግሞ ከዛ በፊት ያሉትን ሁለት ሦስት ቁጥሮች አንብቢ፣ እኔን ሁሌም የሚገርመኝ እዛ ያለው ነው። ጌታ ወደ ኢየሩሳሌም ሄጄ መከራ እቀበላለሁ ሲል ጴጥሮስ ወደ ጎን ወስዶ "አይሁንብህ ጌታ ሆይ" ብሎ ሊገሥጸው ጀመረ፣ ከፍቅር ነው፣ ክፋት የለበትም፣ የሚወደው ሰው እንዳይሞትበት ነው። ጌታ ግን ለዛ ለሚወደው ሰው እምቢ አለው፣ እምቢ ካለው በኋላ ነው ዞሮ "ራሱን ይካድ" ያለው። እንግዲህ ስለ ራስን መካድ የተነገረው ቃል የመጣው የሚወዱትን ሰው እምቢ ከማለት ቀጥሎ ነው፣ ይሄን ለዛች እህትም ንገሪያት።

መስቀልም እንደዚሁ ነው። ሰው የጫነብሽ ሁሉ መስቀል አይባልም። ጌታ በዮሐንስ 10 ስለ ነፍሱ ሲናገር ከእኔ ማንም አይወስዳትም፣ በፈቃዴ አኖራታለሁ ነው ያለው። አንቺ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት እናቴ አትቸገር፣ እህቴ ትማር ብለሽ በፈቃድሽ የተሸከምሽው መስቀል ነበር፣ እሱን ማንም አይወስድብሽም እግዚአብሔር ጋ የተጻፈ ነው። አሁን እየተጠየቅሽ ያለው ግን ሌላ ነገር ነው፣ በለቅሶና በፍርሃት ተገፍተሽ፣ ልብሽ እያረረ፣ ለማታምኚበት ነገር ሁለት ዓመት ልትሰጪ ነው። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፣ ያው ሀዋላ ነው ያው ብር ነው። ውስጡ ግን አንድ አይደለም።

የዮሐንስ ሐፂርን ታሪክ እኔም እወደዋለሁ ስለዚ እንዲህ ሆኖ ሲነገር ያመኛል። ታሪኩ እንዲህ ነው፣ በግብፅ በረሃ ወጣቱ ዮሐንስ ወደ አንድ አረጋዊ አባት ሄደ፣ አረጋዊው ደረቅ እንጨት ተክለው ፍሬ እስኪያፈራ በየቀኑ ውሃ አጠጣ አሉት፣ ውሃው ሩቅ ስለሆነ ማታ ወጥቶ ጠዋት ነበር የሚመለሰው፣ በሦስተኛው ዓመት እንጨቱ ለመለመና አፈራ፣ አረጋዊውም ፍሬውን ለወንድሞች ወስደው የመታዘዝን ፍሬ ብሉ አሏቸው። ያቺ አብራሽ የምትጸልየው እህት ያልነገረችሽ ሦስት ነገር አለ። ዮሐንስ አረጋዊውን ፈልጎ መርጦ ነው የሄደው፣ ማንም በለቅሶ አላስገደደውም። ሁለተኛ አረጋዊው ከእንጨቱ ምንም አልተጠቀሙም፣ ፍሬው ሲመጣ እንኳን ለሌላ ነው የሰጡት፣ ዮሐንስን ነበር የሚፈልጉት፣ የእሱን ነፍስ። ሦስተኛ መነኩሴ ነው፣ ሥርዓቱን አውቆ የገባበት ነው። የታዘዘው ሰው የሚያድግበትና ያዘዘው ሰው የሚጠቀምበት ነገር እንደ አንድ ከተቆጠረ ማንም ብልጥ ሰው ባንድ ታሪክ መቶ የዋህ ሊነዳ ይችላል።

መታዘዝን በወሬ አይደለም የማውቀው። ልጅ ሆኜ ጎጃም ቆሎ ተማሪ ነበርኩ፣ ደበሎ ለብሼ አኮፋዳ ይዤ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያልኩ ውሻ እያሯሯጠኝ ነው የተማርኩት። የኔታ ውሃ ቅዳ ካሉ ይቀዳል፣ እንጨት ልቀም ካሉ ይለቀማል፣ ለምን የለም። ግን የኔታ እኛ ለምነን ያመጣነውን ቁራሽ ነበር አብረውን የሚበሉት፣ ሌሊት እኛ ቀለም ስንቀጽል እሳቸውም ቁጭ ብለው ያዳምጡናል፣ አንዱ ልጅ ወባ ሲይዘው አንድም ቀን ተነስ ውሃ ቅዳ አላሉትም፣ እንደውም የራሳቸውን ጋቢ ነው የደረቡለት። የሚያዝሽ ሰው ሸክሙን አብሮሽ ከያዘና ስትወድቂ ትእዛዙን ከረሳ እሱ መታዘዝ ያለበት ሰው ነው። ስትወድቂ ትእዛዙን የሚደግምልሽ ሰው ሲሆን ግን ቆም ብለሽ አስቢ።

እዚህ ላይ አንድ የራሴን ነገር መናገር አለብኝ። ቅስና በተቀበልኩ በሁለተኛው ዓመት አካባቢ እንዳንቺ ያለች ልጅ ለእረፍት መጥታ ይሄንኑ ጠይቃኝ ነበር፣ እኔ ደግሞ ሰው ተሰልፎ እየጠበቀኝ ስለነበር "ታገሺ ልጄ፣ ለቤተሰብ መድከም በረከት አለው" ብዬ መስቀል አሳልሜ ሸኘኋት። ተመልሳ ሄደች። ከሁለት ዓመት በኋላ ስትመጣ ኩላሊቷ ተጎድቶ ነበር፣ በዊልቸር ነው ከኤርፖርት የወጣችው፣ እኔን ስታየኝ ደግሞ ምንም አልወቀሰችኝም፣ "አባ ታገስኩ" ነው ያለችኝ። ያን ቃል እስከዛሬ አልረሳሁትም። ትዕግሥት ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ሳልጠይቅ፣ ምን እንደምትታገስ ሳልሰማ፣ ማን ምን እንደጫነባት ሳላውቅ አፌ ላይ የመጣውን ነበር የሰጠኋት። ስለዚ አሁን ረዘም አድርጌ ብጽፍልሽ አትሰልቺብኝ።

ወደ እናትሽ እንምጣ፣ ምክንያቱም ዋናው የሚያስጨንቅሽ እሳቸው ናቸው። እናትና አባትህን አክብር የሚለው አልተሻረም፣ አይሻርምም። ጌታ በማርቆስ 7 ላይ በጣም የተቆጣው በማን ነው? ለወላጆቻቸው መስጠት ያለባቸውን "ቁርባን ነው፣ ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው" እያሉ በሃይማኖት ስም በሚያመልጡ ሰዎች ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ለቤተሰቡ የማያስብ ሃይማኖትን የካደ ነው ይላል፣ እያት ያቺን ቃል፣ እዚህም "የካደ" ነው ያለው። ስለዚ የእናትሽ እህል፣ መድኃኒታቸው፣ የቤት ግብራቸው ያንቺም ጉዳይ ነው፣ አገርሽ ገብተሽ ብርሽ ቢቀንስም እንደ አቅምሽ ትረጃቸዋለሽ። ማንም በቲክቶክ ወጥቶ "ቤተሰብ ዕዳ ነው፣ ለራስሽ ኑሪ" ቢልሽ አትስሚው፣ እሱም ያው ራስን ንጉሥ ማድረግ ነው።

ግን ማክበርና ያሉትን ሁሉ ማድረግ አንድ አይደሉም። ኤፌሶን 6 ልጆች ለወላጆቻችሁ ታዘዙ ሲል "በጌታ" የምትል ቃል መሀሉ ላይ አስገብቷል፣ ያቺ ቃል አጥር ናት፣ መታዘዙ በእግዚአብሔር ፈቃድ ግቢ ውስጥ ነው ማለት ነው። ጌታ ራሱ ለእመቤታችንና ለዮሴፍ ይታዘዝላቸው ነበር ይላል ሉቃስ፣ ግን እዛው ምዕራፍ ላይ የ12 ዓመት ልጅ ሆኖ በአባቴ ቤት ልሆን እንደሚገባኝ አላወቃችሁምን ብሏቸዋል። በመጨረሻ ደግሞ መስቀል ላይ ሆኖ ስለ እናቱ ምን አደረገ? ዮሐንስን "እናትህ እነኋት" አለው። እናቱን አልተዋትም፣ ግን ከመስቀል ወርዶም አልጦራትም፣ ሌላ ልጅ ሰጣት፣ ሸክሙን አካፈለ። አንቺ ቤት ውስጥ እህትሽ ተመርቃ ሥራ ይዛለች ብለሻል። እሷም ልጅ ናት። ወንድምሽም ሙሉ ጤነኛ ነው። ለምንድነው እናትሽን የመጦር ነገር አንቺ ትከሻ ላይ ብቻ የቀረው? ይሄን መጠየቅ ጭካኔ አይደለም፣ ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ እርዳታ ሲጽፍ ሌሎች እንዲያርፉ እናንተ እንድትጨነቁ አይደለም፣ እኩል እንዲሆን ነው እኮ ይላል፣ ሁለተኛው መልእክት 8 ላይ።

ስለ ወንድምሽ ብዙ አልልም። እናትሽ እሱን የሚያስቡበት ልብ አንቺን ከሚያስቡበት ሊለይ ይችላል፣ አንቺን ጠንካራ ናት ብለው ነው እንጂ ስለጠሉሽ አይደለም። ነገር ግን ሁለት ባጃጅ ሸጦ ለበላ ሰው ሦስተኛ ነገር መግዛት ፍቅር አይሆንም። በሊቢያ ይሁን በየመን በኩል በደላላ የሚኬደውን መንገድ ደግሞ አንቺ እዛ ሆነሽ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፣ ባሕር የበላቸውን፣ ታግተው ቤተሰብ ብር ላክ የተባለባቸውን። ለዛ መንገድ ብር አለመላክሽ ለነፍሱም ለሥጋውም መቆርቆር ነው።

አሁን አንቺን የሚጠይቀውን ልንገርሽ፣ ይሄኛው ከሁሉም ይከብዳል። ጥያቄሽ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈሻል፣ "ሰፈር ውስጥ እኔን የማይመርቀኝ የለም፣ አሁን እምቢ ብል ምን ይሉኛል" ብለሽ። ልጄ፣ እኔ እንደማየው ያ የሚካደው ራስሽ እዚህች ጋ ነው የተደበቀው። የቤቱ ምሰሶ መባል፣ ደጓ ልጅ መባል፣ ስልክ በተደወለ ቁጥር "አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር" መባል ይጣፍጣል፣ ሰው ነሽና አይፈረድብሽም፣ ግን እሱ ስም ጌታሽ ከሆነ መካድ ያለበት እሱ ነው። ላንቺ ቀላሉ ነገር እሺ ማለት ነው፣ 9 ዓመት ለምዶሻል፣ ስታመነቺበት የኖርሽው ቃል እምቢ ነው። ስለዚ በዚህ ጉዳይ እምቢ ማለትሽ ራሱ ራስሽን መካድ ሊሆን ይችላል፣ ስምሽን እያጣሽ ስለሆነ።

ደግሞ ሉቃስ "ዕለት ዕለት" ብሎ ጨምሮበታል፣ መስቀሉን ዕለት ዕለት ተሸክሞ። ዕለት ዕለት የሚሸከሙት ነገር ትንሽ ትንሽ ነው። ወንድምሽ ማታ የስድብ ቮይስ ልኮ ጣትሽ መልስ ልትቀጂ ማይኩ ላይ ስታርፍ ስልኩን አስቀምጦ ወደ ጸሎት መሄድ። ከእህትሽ ጋ ስታወሪ "ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ" የምትለዋን አፍሽ ላይ የመጣችውን ቃል መዋጥ። ማዳም ሳታጠፊ የጠፋ ዕቃ አንቺ ላይ ስትለጥፍ እውነቱን ረጋ ብለሽ መናገርና ልጇን በዛ ቂም አለመያዝ። አገር ስትገቢ ደግሞ ሻይ ቤት ይሁን ሱቅ የምትከፍቺው እንደ ኩዌት ወር ጠብቆ ደሞዝ ስለማይመጣ በትንሹ መኖርን እንደገና መልመድ። ማንም አያይልሽም፣ ማንም አይመርቅሽም በዚህ። ለዛ ነው እውነተኛ የሚሆነው።

ስለ ጾሙ፣ ያለፈው ዓመት ከጸሎተ ሐሙስ ማታ አክፍሎት ይዘሽ ቅዳሜ ቀን መስኮት ስታጸጂ ራስሽን ስተሽ መውደቅሽን አንብቤ ደነገጥኩ። አክፍሎት፣ እስከ ትንሣኤ እህል ሳይቀምሱ መቆየት፣ ለሚችል ነው። እቤቱ ቁጭ ብሎ ቤተክርስቲያን ውሎ ለሚያድር ሰውና ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ቆማ ለምትሠራ ሴት አንድ አይነት አይደለም፣ ለታመመ ሰው ጾሙን ማቅለልም በቤተክርስቲያን ያለ ሥርዓት ነው፣ ግን አንቺ ራስሽ አትፍረጂ፣ ለንስሐ አባትሽ ደውለሽ ሥራሽን ከነሰዓቱ፣ ሕመምሽን ከነመድኃኒቱ ንገሪያቸው፣ ይሄን ያህል ጹሚ ካሉሽ ያን ያህል ብቻ። መታዘዝ እዚህ ላይ ነው የሚፈተነው፣ ከታዘዝሽው በላይ መጾም የራስ ፈቃድ ነውና። የመነኮሳቱን አባት የአባ እንጦንስን ነገር ታውቂው ይሆናል፣ አንድ አዳኝ እሳቸውን ከወንድሞች መነኮሳት ጋ ሲጫወቱ አይቶ ቅር ሲለው ቀስትህን ለጥጥ አሉት፣ ለጠጠው፣ ጨምር አሉት፣ ጨመረ፣ አሁንም ጨምር ሲሉት ይሰበራል አለ፣ የወንድሞችም ነገር እንደዛው ነው አሉት። አንቺም ከእንግዲህ ብትለጠጪ የምትሰበሪበት ቦታ ላይ ነሽ። አሠሪዎችሽ ቤት የጾም ምግብ ካጣሽ ደግሞ ያገኘሽውን በልተሽ የቀረውን፣ ሐሜቱን፣ ስልክ ላይ የሚባክነውን ሰዓት ጹሚው፣ ኢሳይያስ 58ን በዚህ ሳምንት ቀስ ብለሽ አንብቢ።

አሁን ስልኩን እንዴት እንደምትደውዪ ላስብልሽ፣ ብዙ ሰው እውነቱን ይይዝና አነጋገሩ ላይ ይወድቃልና። ከእናትሽ ጋ ከመነጋገርሽ በፊት ለእህትሽ ለብቻዋ ደውዪላት፣ ወር በወር ምን ልትሸፍን እንደምትችል ቁርጥ ያለ ነገር ተቀበያት። ለማዳም ደግሞ ኮንትራቱ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው እንደማታድሺ ንገሪያት እንጂ የመጨረሻው ሳምንት ላይ አታድርጊው፣ ትኬትሽና ፓስፖርትሽ በሰላም እጅሽ እንዲገባ። ከዛ አርብ እረፍት ስትሆኚ፣ ሳትቸኩዪ፣ ለእናትሽ ደውለሽ መጀመሪያ ጤናቸውን ጠይቂ፣ ከዛ "እማ፣ መድኃኒትሽንና ቀለብሽን አልተውም፣ እኔና እህቴ ተነጋግረንበታል፣ ለእሱ መሄጃ ግን አልልክም፣ እኔም በዚህ ዓመት እገባለሁ" በያቸው። ምክንያት አትደርድሪ፣ አትከራከሪ፣ የባጃጁን ነገርም አታንሺ። ሊያለቅሱ ይችላሉ። ካለቀሱ ስልኩን አትዝጊባቸው፣ ዝም ብለሽ አድምጫቸው፣ እንባቸው እስኪያባራ አብረሻቸው ቆዪ፣ ሲጨርሱ ያንኑ ቃል በለሰለሰ ድምጽ ድገሚላቸው። ወገብሽን ግን እስከዛ አታቆዪው፣ ይሄን ሳምንት ክሊኒክ ታዪና ያሉሽን ጻፊልኝ።